«እዚሁ ነው» ስንባል
በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር



ከሾኔና ከጃጁራ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ፣ ከዶዮገና የመጣችሁ አላችሁ። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ይህን መድረክ ለሰጠኝ አዘጋጅ ኮሚቴ ምስጋናዬ የላቀ ነው። «ስለ ሰው ልጅ የራስ ዋጋ ተናገር፤ ግን አታስረዝም» ተብያለሁ። ሁለተኛውን ትእዛዝ ለመፈጸም እሞክራለሁ።

ስለ ራስ ዋጋ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «አንተ ልዩ ነህ፤ ራስህን ውደድ» የሚለውን ነው። ክፉ ምክር አይደለም። ነገር ግን በእኛ አገር ሰው ዋጋው የሚተመነው ብቻውን መስታወት ፊት ሲቆም አይደለም። ለቅሶ ቤት ነው፣ ሠርግ ቤት ነው፣ ገበያ ላይ ነው። ስለዚህ እኔም ዛሬ ከዚያው እነሳለሁ።

እኔ በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የምሠራ የእጽዋት ባለሙያ ነኝ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ በኋላ ከተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው። እንግዲህ ዘመድ ተሰብስቦ ሁለታችንን ለእንግዳ ሲያስተዋውቅ እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ወንድም እኮ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያን ፎቅ ያሠራው እሱ ነው።» «ይሄኛውስ?» ሲባል መልሱ አጭር ነው፦ «ይሄማ እዚሁ ነው።»

እዚሁ ነው! ሁለት ቃል ናት። ተናጋሪው ክፋት የለውም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። እኔም እዚሁ ነኝ። ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህች አባባል ምን ያህል እንደምትከብድ የሚያውቅ ብዙ ሰው እንዳለ ይሰማኛል። መምህሩ ያውቃታል፣ ነርሷ ታውቃታለች፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልገው ከሁላችንም በላይ ያውቃታል። ትርጉሙ «ገና ምንም አልሆነም» ማለት ነውና።

የወንድሜን በኩል ደግሞ ላንሳ፤ ይህን እንድናገር ፈቅዶልኛል። አንድ ቀን በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ ሱቅ ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ደንበኛ የለም። ከአገር ቤት ሲደወልልኝ ደግሞ ስለ ገንዘብ ነው። ‹በላህ ወይ? ተኛህ ወይ?› የምትለኝ እናታችን ብቻ ናት።» አያችሁ? እኔን ያቀለለኝ ሚዛን እሱንም አላከበረውም። እኔ ገንዘብ ስለማልልክ ጎደልኩ፤ እሱ ደግሞ የሚልከው ገንዘብ ብቻ ሆነና ሰውነቱ ተረሳ። ያው አንድ ሚዛን ነው ሁለታችንንም የበደለን።

መሄድን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምለው። ከሀዲያና ከከምባታ የወጣው ወጣት ወንድሞቹን አስተምሯል፣ እናቱን አሳክሟል፣ የሆሳዕናን ከተማ መልክ ለውጧል። ይህን መካድ ውለታ መብላት ነው። ነገር ግን መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ግዛት፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። በዚያን ሰሞን በእኛ ሰፈር ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም፤ ልጁ መንገድ ላይ ያለ ወላጅ ሁሉ ያን ቁጥር የሰማው እንደ ራሱ ቤት መርዶ ነበር። ድህነት እንደሚያስኬድ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የሚበላው ያላጣ ልጅ ጭምር ነው እዚያ መንገድ ላይ የሚገኘው። «እዚሁ ነው» መባልን ሽሽት የወጣ ስንት አለ? በዚህ ጉዳይ ላይ የሚተመነው ዋጋ ከስሜት ያለፈ ነው፤ ነፍስ አለበት።

ታዲያ ሰው ዋጋውን ከየት ያገኛል? እኔ ፈላስፋ አይደለሁም። የማውቀውን እንሰት ልንገራችሁ።

የእንሰት ነገር የሚገርም ነው። እናቶቻችን ጓሮ ውስጥ አንድ ዓይነት እንሰት አይተክሉም። ለዋሳ የሚሆነው ሌላ፣ ቡላው ነጭ የሚወጣለት ሌላ፣ አሚቾው የሚጣፍጠው ሌላ፣ ቃጫው የሚጠነክረው ሌላ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የሚቀቀለው ሌላ ነው። አንዲት እናት ጓሮዋን እየዞረች በደርዘን የሚቆጠሩ ዝርያዎችን በስማቸው ትጠራለች። ለእኔና ለእናንተ ዓይን ግን ሁሉም አንድ አረንጓዴ ነው! አንድ ጊዜ አንዷን እናት «ይሄኛው እድገቱ ቀርፋፋ ነው፤ ለምን አይነቀልም?» ብዬ ጠየቅኋት። «እሱ በሽታ ሲመጣ የሚቀርልኝ ነው» አለችኝ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ገብቶ የአንዱን ገበሬ ማሳ ሲያጸዳ ያየ ሰው የዚህች ሴት መልስ ምን ያህል የከበደ እንደሆነ ይገባዋል። ዝርያው አንድ ብቻ የሆነ ጓሮ በአንድ በሽታ ያልቃል።

ይኸው እንሰት ለረጅም ዘመን የድሃ ምግብ ተብሎ ተንቋል። ምርምሩም፣ በጀቱም፣ መጽሐፉም ለእህል ነበር። ከእኛ አካባቢ ወጥቶ ሌላ ከተማ የተማረ ልጅ ከቤት የተላከለትን ቆጮ ጓደኞቹ ፊት ላለመክፈት ሲደብቅ የምናውቀው ነው። እንሰት ግን በኢትዮጵያ ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ይመግባል። ዝናብ ሲያጥር ይቆማል፤ ዘንድሮ ካልተነሳ ለከርሞ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ የኪው የእጽዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ እንሰት በሚቀጥሉት አሥርተ ዓመታት ከ100 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ሰዎችን ሊመግብ እንደሚችል ጻፉ። ዓለም «ተአምረኛ ተክል» አለ። ጥሩ ነው፤ ደስ ብሎናል። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ እንሰት ዋጋ ያገኘው ያን ቀን ነው እንዴ? ሳይጻፍለትም ያበላ ነበር። ስንንቀውም ያበላን ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስለኛል።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይሄው ነው። የሰው ዋጋ ሰው ሲያውቅለት አይጀምርም። አብሮት የተወለደ ነው። የእኛ ድርሻ ማየት ወይም አለማየት ብቻ ነው።

«ይሄ ለተክል ይሆናል፤ ለሰውስ?» የሚለኝ ካለ፣ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ቦጋለች ገብሬን (ዶ/ር) አነሳለሁ። የከምባታ ልጅ ናቸው፤ ዛቶ ከምትባል መንደር። እሳቸው ባደጉበት ዘመን ሴት ልጅ የምትመዘነው በውኃ እንስራዋ፣ በተቆረጠው አካሏና በሚከፈልባት ጥሎሽ ነበር። ቦጋለች ውኃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ። በልጅነታቸው ግርዛቱ አልቀረላቸውም። ከዚያ ግን አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ፣ ከዚያም አሜሪካ ተማሩ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። ተመለሱ። ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ስሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት መቆም እንደማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ አጀማመራቸው ነው። ሰውን ሰብስበው «ባህላችሁ ክፉ ነው» ብለው አልጀመሩም። «ምን ቸገራችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሕዝቡ «ድልድይ» አለ፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ እናቱ፣ የሃይማኖት አባቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ግርዛት መነጋገር የጀመሩት። ሰውን ያከበረ ሰው ይሰማል።

በ1994 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሠርግ ተደረገ። ሙሽራዋ ያልተገረዘች መሆኗን በአደባባይ፣ በጽሑፍ፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች፤ ከእኔ ተማሩ አለች። ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን በራሱ ጽሑፍ አሳወቀ። አስቡት እስቲ፤ «ያልተገረዘች» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት አገር! ስድቡን ወስዳ የሠርግ ልብሷ ላይ አደረገችው። ግን ልብ በሉ፤ ብቻዋን አልነበረችም። ሙሽራው አጠገቧ ነበር፤ እንደ እሷ ያልተገረዙ ሌሎች ልጃገረዶች አጅበዋት ነበር። ብቻዋን ብትሆን ያን ቀን ማለፏን እጠራጠራለሁ።

ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ቦጋለች ገብሬ በቤልጅየም የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ሸላሚው ፋውንዴሽን በከምባታ ሁሉንም ሴት ልጅ ይነካ የነበረው ግርዛት ከ3 ከመቶ በታች መውረዱን ገለጸ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ሴቶች ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ስንቶቻችሁ በእሳቸው ድካም ከዚያ ምላጭ እንደተረፋችሁ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

ሌላም አለ። ቦጋለችና ባልደረቦቻቸው ስለ ሸክላ ሠሪዎችም ተነጋግረዋል። ይሄን ጉዳይ በሀዲያም በከምባታም ያደግን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናልፈው ነው። በሠሩት ድስት ወጣችንን እንሠራለን፣ በሠሩት ጀበና ቡናችንን እንጠጣለን፣ እነሱን ግን ማዕድ አናስቀርብም፤ ለጋብቻ አንፈላለግም። እጁ የሠራውን ወስደን ሰውየውን ደጅ እናስቆማለን። እንግዲህ «ሰው የራሱን ዋጋ ይወቅ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ደጅ የቆመውን ሰው ግን መጀመሪያ «ግባ» ነው የሚባለው። ምክሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ስማችንም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ሁለት ስም አለን፤ አንዱ የቤት፣ ሌላው የትምህርት ቤት። ይህች ከተማም እንደ እኛው ናት። ሆሳዕና የሚለው ስሟ የበዓል ስም ነው፤ ቀድሞ የምትጠራው ዋቸሞ ተብላ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም የቀድሞውን ስም ወሰደ። ከተማዋ ግን ሆሳዕና መባሏን አላቆመችም። ሁለቱም ስም የእሷ ነው፤ አንዱ ሌላውን አላባረረም። እናንተም አውቶቡስ ውስጥ እናታችሁ ስትደውል በሀዲይሳም ሆነ በከምባትኛ ድምፃችሁን ሳትቀንሱ «አቤት» በሏት። አማርኛችሁም፣ እንግሊዝኛችሁም አይቀንስም።

የሐኪም ቤታችንንም ስም አስታውሱ፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ። የጤና ተመራቂዎቻችን ያንን ስም በየቀኑ በጋዋናቸው ላይ ይዘው ይውላሉ። እሌኒ የሀዲያ ገዢ ልጅ ነበሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የገቡት በሁለት መንግሥታት መካከል በሚደረግ ጋብቻ ነው። ያ በር ጠባብ በር ነበር። ውስጥ ገብተው ግን የተማሩና አስተዋይ ሴት መሆናቸው ተመሰከረ፤ ነገሥታት ሲፈራረቁ ምክራቸው ተፈላጊ ሆኖ ኖረ። ልብነ ድንግል በሕፃንነት ሲነግሡ አገር ካስተዳደሩት ዋነኛዋ እሳቸው ነበሩ፤ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩትም በዚያው ዘመን ነው። የገቡበት በር የሚችሉትን ሁሉ አልወሰነባቸውም።

አሁን ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ደርሰናል። ራስን ማክበር ሌላውን ማሳነስ አይደለም። «እኔ ሀዲያ ነኝ፤ ስለዚህ ከምባታው ያንሳል» ወይም በተቃራኒው ያለ ሰው ያው የድሮውን ሚዛን ነው ይዞ የሚዞረው፤ የቀየረው ተመዛኙን ብቻ ነው። ያቺ እናት አንዱን እንሰት የምትወደው ሌላውን ነቅላ አይደለም። ያሆዴን የሚያከብረውና መሳላን የሚያከብረው ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቤት እየሄደ ይበላል። እንዲሁም ራስን መቀበል መስነፍ አይደለም። «እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ መቀመጥ ሌላ፣ «እኔ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሥራዬን አሳምሬ እሠራለሁ» ማለት ሌላ።

ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የማይናገር ተማሪ አለ። የሚያውቀው ያንሰው እንደሆነ አትቸኩሉበት። ምናልባት አፉን ሲከፍት አነጋገሩ እንዳይሳቅበት ፈርቶ ይሆናል። ከገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ እናቷ የምታውቃቸውን የእንሰት ዝርያዎች ቆጥራ ብትጽፍ፣ ለእኛ ጽሕፈት ቤት ከብዙ ሪፖርት ይበልጥ ይጠቅመናል። ጠይቋት። «እናትሽ ምን ታውቃለች?» ብላችሁ ጠይቋት። ያን ጥያቄ ከመምህሯ የሰማች ልጅ ቤቷን በሌላ ዓይን ታያለች።

ለእናንተ ለጓደኞቼም አለኝ። ወደዚህ ስመጣ አንድ የባቻችንን ልጅ «እንሂድ እንጂ» ብዬ ደውዬለት ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ስንቶቻችንን አስጠንቶናል። «ምን ብዬ ልምጣ? ሁሉም ‹የት ነህ?› ብሎ ይጠይቀኛል» አለኝ። አልመጣም። ስሙን አልጠራም። ግን እናንተም እያንዳንዳችሁ እንዲህ ብሎ የቀረ አንድ ሰው ታውቃላችሁ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሌሉት ሰዎች የቀሩት ስላልወደዱን አይደለም። ባዶ እጃችንን ብንመጣ እንቀላለን ብለው ስለፈሩ ነው። ያን ፍርሃት የፈጠርነው እኛው በአንዲት ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስንወጣ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ዛሬ ምሳ ላይ ስንገናኝ «የት ነህ? ስንት ይከፈልሃል?» ከማለታችን በፊት «እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ደኅና ነው?» እንባባል። አባቶቻችን ሰላምታቸው ረጅም የነበረው ያለ ነገር አይደለም፤ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም ነበር። ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ ሳይመሽ፣ ለቀረው ሰው እንደውል። ለምን እንደቀረ አንጠይቀው። «ያኔ ያስጠናኸኝን አልረሳሁም» እንበለው። ደቡብ አፍሪካ ላለውም እንደውል፤ የዚያን ቀን ግን ስለ ገንዘብ አናንሳ።

እኔም ከእንግዲህ ዘመድ «ይሄማ እዚሁ ነው» ሲል አንገቴን አልደፋም። «አዎ፣ እዚሁ ነኝ፤ የእናንተ ጓሮ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እንሰታችሁ ሲታመም ጥሩኝ» እላለሁ። እናንተም በየላችሁበት፣ እዚሁም ሆነ ባሕር ማዶ፣ ሙሉ ሰው ናችሁ።